የኢቲዳል ስልክ እና የሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤት

አሶሳ ገበያ ጫፍ፣ የኢቲዳል ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ አንድ ሁለት ጎረቤት አይጠፋም። ኢቲዳል ጨዋታ ትወዳለች፤ እግሯ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ አፏም አያርፍም።

ባለፈው ክረምት አንድ የማታውቀው ሰው ደወለና፣ «የሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤት ነው?» አላት።

ደነገጠች። «ምን አጠፋሁ?»

ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ዘጋ። በማግስቱ ሌላ ሰው ስለ ምርምር ፈቃድ ጠየቃት። ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ሴት ከግልገል በለስ። እያደር ከደንበኞቿ ይልቅ ተመራማሪዎች በዙባት። ባሏ ኦመር ማታ ሲገባ፣ «ዛሬስ ለማን ለማን ፈቀድሽ?» እያለ ያሾፍባታል።

አንድ ቀን የደወለው ምንያህል የሚባል የዶክትሬት ተማሪ ነበር። የሰዎችን ድምፅ ቀድቶ ኮምፒውተርን የበርታ ቋንቋ ማስተማር ይፈልጋል።

«ወንድሜ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስልኬን ከየት አመጣኸው?»

«ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ነው የሰጠኝ።»

ልትዘጋ ስትል የቋንቋዋ ነገር ከነከናት። «ቆይ እስቲ፣ ድምፃችንን ከወሰድክ በኋላ የት ታደርገዋለህ? ማንስ ይሰማዋል?»

«እውነቱን ለመናገር፣ የፕሮፖዛሌን ያንን ክፍል ያጻፍኩት በኤአይ ነው። መልሼም አላነበብኩት።»

ኢቲዳል ከት ብላ ሳቀች። «ወላሂ! ማሽኑ ይጽፍልሃል፣ ማሽኑ ስልኬን ይሰጥሃል፣ ከዚያ እኔ ልፍቀድልህ?»

እሱም አብሯት ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ አሶሳ መጥቶ ሱቋን አጠያይቆ አገኛት። ትክክለኛውን ጽሕፈት ቤት ፍለጋ ባጃጅ ይዘው ከከተማው ዳር ወዳለው የምርምር ተቋም ሄዱ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው አስተባባሪ ሰገነት ኢቲዳልን ታውቃታለች፤ የተቋሙን የምረቃ ጋዋን የምትሰፋው እሷ ናት። ታሪኩን ስትሰማ የተቋሙን ድረ ገጽ ከፈተች። የኢቲዳል ስልክ ያለበት የጋዋኑ ማስታወቂያና የኮሚቴው ማስታወቂያ ተደራርበው ወጥተዋል። ማሽኑ የአንዱን ስልክ ለሌላው ሰጥቶታል።

«እኔ ደግሞ ዘንድሮ ሰው ምርምር ተወ እንዴ እያልኩ ነበር!» አለች ሰገነት።

ገጹ የዚያኑ ዕለት ተስተካከለ። ማሽኑ ግን ስህተቱን ቶሎ አልተወም፤ ስልኩም መጮሁን ቀጠለ። ኢቲዳል ትክክለኛውን ቁጥር ትሰጥና፣ «ለመሆኑ ምን ልታጠኑ ነው?» ሳትል አትዘጋም። ይህን የሰማችው ሰገነት አንድ ቀን ሱቋ ድረስ መጣች።

«ኮሚቴው ከነዋሪው አንድ ሰው ይፈልጋል። ለምን አትገቢልንም?»

«እኔ? ምን አውቄ?»

«በስልክ የምትጠይቂውን እዚያ ትጠይቂያለሽ።»

በመጀመሪያው ስብሰባ ክርክሩ ስለ ኤአይ ነበር። አንዱ ጭራሽ ይከልከል ይላል፣ ሌላው ምን አለበት ይላል። አጠገቧ የተቀመጠው መምህር ባፈና ያልገባትን በሹክሹክታ ያስረዳታል። በመጨረሻ ተመራማሪው በማሽን ያሠራውን እንዲናገር፣ ለጻፈውም ራሱ እንዲጠየቅ ተስማሙ።

ከዚያ ምንያህል ገብቶ ፕሮፖዛሉን አቀረበ። አሁን በራሱ እጅ ጽፎታል፤ ድምፁ የት እንደሚቀመጥ፣ ድምፁን በመስጠቱ የተጸጸተም ማስጠፋት እንደሚችል።

«የሠራኸውን መጥተህ ታሰማናለህ?» አለችው ኢቲዳል።

«አሰማለሁ።»

ለድጋፍ እጇን ከሁሉም ቀድማ አወጣች።

ቀረጻው የተጀመረው እሷው ሱቅ ውስጥ ነው። ኢቲዳል፣ ኦመር ለጋብቻ ሊጠይቃት የመጣ ቀን ያጠናው ንግግር ሁሉ እንዴት እንደጠፋበት በበርታ ቋንቋ ስታወራ፣ የተሰበሰቡት የጎረቤት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ።

«ውሸት ነው!» አለ ኦመር ከበሩ ላይ። «እኔም ልናገር!»

«መጀመሪያ ፈቃድህን ስጥ» አለችው። ምንያህል የስምምነቱን ቃል አነበበለት። ኦመር አንዱንም ሳያስደግም «እሺ» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የራሱን ታሪክ እስኪጨርስ ማንም ሊያስነሳው አልቻለም።