ሮብሌ ያሳዩን መንገድ

ልጅ ሳለሁ፣ የጅቡቲ ሐምሌ ሲገባ፣ ዘመድ ያለው የሰፈራችን የካርቲየ 4 ሰው ሁሉ ልጆቹን ወደ ነፋሻ አገር ይልክ ነበር። እናቴም ቆርቆሮ ቤታችን መግባት እስኪያቅት ሲግል በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያ በመኪና ከጅጅጋ ወዲያ ያስተምር ወደነበረው አጎቴ መንደር ትወስደኛለች።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት ያየሁት ሜዳ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ሣሩ ወገቤ ይደርሳል፤ ነፋስ ሲነፍስ ከጉብታ ጉብታ እየተኛ እየተነሣ ይሄዳል፤ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። በዚያ ሣር ላይ ግመል አርቢ ሶማሌዎች ቤታቸውን ጭነው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። በመንደሩ ዙሪያ ደግሞ በቅርቡ የሰፈሩ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ስንዴና ማሽላ ይዘራሉ። ቋንቋቸው ስለማይገናኝ የሚያስተረጉምላቸው የመንደሩ ባለሱቅ ነበር።

አንድ ጠዋት በጩኸት ነቃን። አቶ ዘለቀ የሚባሉ ገበሬ ማሳቸው ውስጥ ሰባት ግመሎች አግኝተው በእሾህ አጥር ዘግተውባቸዋል። ጡት ያልጣለ አንድ ግልገል ውጭ ቀርቶ እናቱን እየተጣራ አጥሩን ይዞራል። ብዙም ሳይቆይ አርቢዎቹ ዱላ ይዘው ደረሱ። ከፊት ሮብሌ የሚባሉ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ነበሩ። የመንደሩ ሰውም ዱላውን አነሣ። ባለሱቁ ጅጅጋ ሄዷል።

አጎቴ ዞር ብሎ አየኝ። «ሶማሊኛ ታውቂ የለ?»

አውቃለሁ። ካርቲየ 4 ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስዘል የለመድኩት ነው። ግን የልጅ ጨዋታ ሌላ፣ የሽማግሌ ንግግር ሌላ። አጎቴ እጄን ይዞ መሐል አቆመኝ።

አቶ ዘለቀ ቀደሙ። «እነዚህ ሌቦች እህሌን ጨረሱት በያቸው!»

ሁሉም አፌን ያያል። ሌባ በሶማሊኛ ምን እንደሚባል አሳምሬ አውቃለሁ። የወጣቶቹን ዱላ አየሁና፣ «አዴር፣ እህላቸው ስለተበላ በጣም ተናደዋል» አልኩ። አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው።

ሮብሌ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱልኝ፤ እኔም አንድም ሳላስቀር ለአቶ ዘለቀ ነገርኳቸው። ይህ ማሳ ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ ወደ ውኃው መሄጃቸው ነበር። ዘንድሮ ሲመጡ ታርሶ አገኙት። ግመል ክንፍ የለውም።

አቶ ዘለቀ ዞር ብለው ማሳቸውን አዩ። «እኔ ምን አውቃለሁ? መንገድ መሆኑን ማን አሳየኝ?» አሉ። ይህን ስተረጉም ሮብሌ ዱላቸውን ለልጃቸው ሰጡና፣ «ይምጣ፣ አሁኑኑ አሳየዋለሁ» አሉ።

ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እኔ መሐል፣ ማሳውን ተሻገርን። መንገዱ ሳይታረስ እንዲቀር፣ ስፋቱም ሁለት የተጫኑ ግመሎች ሳይነካኩ የሚያሳልፍ እንዲሆን ተስማሙ። አቶ ዘለቀ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ዳርና ዳሩን አስቀመጡ፤ ከዚያ አጥሩን ከፈቱ። ግልገሉ ሮጦ እናቱ ሆድ ሥር ሲገባ ዱላ ይዞ የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሮብሌ ወተት አስመጡ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ አስቀድመው ለእኔ ሰጡኝ። እኛ ቤት የግመል ወተት አይጠጣም። አጎቴ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረና፣ «እኔ አላየሁም» አለ። ጨልጬ ጠጣሁት። ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «አንዷን ቃል ግን ዋጥሻት። ሌባ የምትለዋን የአማርኛ ቃል ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃታል። ደግ አደረግሽ» አሉኝ። እንደዚያ ቀን ረዝሜ አላውቅም።

ዛሬ ልጆቻችን ሐምሌን በኤሲ በቀዘቀዘ ዝግ ክፍል፣ ስልክ ላይ አጎንብሰው ያሳልፉታል። እኔም በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና በሥራ ላይ ከሾፌሮች ጋር ስጯጯህ ክረምቱ ያልፋል። አምና ግን ልጄን ይዤ ወደዚያ መንደር ሄድኩ። የድሮው ባቡር የለም፤ አጎቴ፣ ሮብሌና አቶ ዘለቀም አርፈዋል። ሣሩ ቀንሶ ማሳው ሰፍቷል፤ በስንዴው መሐል ግን አንድ ያልታረሰ መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ግመሎች ተሰልፈው ያልፉበታል። የአቶ ዘለቀን ልጅ ለምን እንዳላረሰው ጠየቅሁት።

«እንጃ» አለ፤ «አባባ እንዳትነኩት ብለውን ነው ያረፉት።»

የልጄን እጅ ይዤ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ በመንገዱ መሐል ለመሐል ሄድኩበት።