ነፋስ የጣለው ጽድ

ንጋት፣ አዲስ አበባ

ሳይነጋ ከመርካቶ ተነሳን። ሚኒባሷ ባዶ የበርበሬ ጆንያ ጭናለች፤ ባዶ ነው ይበሉ እንጂ እስከ ዓለም ገና ስናስነጥስ ነው የሄድነው። ሾፌሩ ይስቃል። “ገና ምኑን አያችሁ! ሲሞላ ብታዩት!”

ረፋድ፣ ቡኢ

አስፋልቱ ገና እየተሠራ ስለሆነ ግማሹ መንገድ አቧራ ነው። ቆጮ በአይብና በጎመን በላሁ። አስተናጋጇ “ወዴት ነው ጋሼ?” አለችኝ።

“ጉሬዛ ለማየት።”

“አበስኩ ገበርኩ! ለጉሬዛ ብለው ነው ይሄን ሁሉ አቧራ የሚቅሙት?”

ከሰዓት፣ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ

በጋሪ ጉሬዛዎቹ ካሉባት ደን ደረስኩ። የበርበሬና የበቆሎ ማሳ የከበባት ቁራጭ ናት። ሲገቡባት ግን ሌላ አገር ነው፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ከላይ ነጭ ጭራቸውን ቁልቁል የለቀቁ ጉሬዛዎች። አንዲት ድኩላ በአጠገባችን ሹልክ አለች። ተመስገን አልኩ። የሚጠብቃት መንደሩ ነው፤ ደንቡም አንድ ነው፤ ከውስጧ እንጨት አይወጣም።

ዳር ላይ ግን ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በመስቃንኛ ሲከራከሩ ባለጋሪው ይተረጉምልኛል። በድሩ የሚባል ገበሬ ቤቱ ተቃጥሎበት ልጆቹን ዘመድ ቤት አስጠግቷል። ክረምቱ ደርሷል፤ ለአዲሱ ጎጆ ምሰሶ የለውም። ሰሞኑን ነፋስ ከደኗ አንድ ጽድ ጥሏል፤ እሱን ስጡኝ ነው የሚለው።

“እኔ አልቆረጥኩት፤ የጣለው ነፋስ ነው!”

ሐጂ ሱሩር የሚባሉት ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ዘንድሮ ነፋስ ጣለው። ዛሬ ከፈቀድን ለከርሞ ነፋሱ መጥረቢያ ይዞ ይመጣል።”

ሰዉ ሳቀ። በድሩ አልሳቀም። “ታዲያ ልጆቼን ዝናብ ይምታቸው?”

እኔም በገንኩ። መሬት ላይ የሚበሰብስ ግንድ ከልጅ ይበልጣል እንዴ? ውሳኔው ግን ያው ሆነ፤ ግንዱ እዚያው ይቅር። በድሩ አንገቱን ደፍቶ ተነሳ።

“ቁጭ በል እንጂ፣ መች ጨረስኩ!” አሉት ሐጂ። “የጓሮዬን ጽድ ታውቀዋለህ። አባቴ የተከሉት ነው፤ ለልጄ ጎጆ መውጫ ነበር ያቆየሁት። ልጄ ገና ሚስት አላገኘም፤ አንተን ግን ክረምት ይዞሃል። ነገ መጥረቢያህን ይዘህ ና።”

በድሩ ጎንበስ አለ። እጃቸውን ሊስም ሲል ነጠቁት።

ማግስቱ፣ የመመለሻዬ ጠዋት

ጽዱ ተቆርጦ መንደሩ ሁሉ ተሸክሞታል፤ ሐጂም ከፊት ናቸው። እኔም ትከሻዬን አስገባሁ። እንባዬ መጣ።

“ሐጂ፣ እንዴት ብዬ ላመስግን?” አልኳቸው።

“አልሐምዱሊላህ በል” አሉኝ እያለከለኩ፣ “በልና ደግሞ ከፍ አድርገህ ያዝ፤ ክብደቱ እኔ ላይ ነው!”