ከጀብራ በእግር

ከጦርነቱ በፊት ነው። ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ ለሱቅና ለቢሮ የሚሆን ፎቅ ስንሠራ እኔ ግንበኛ ነበርኩ። ኢቃማ የለኝም፤ የመኖሪያ ወረቀት ማለቴ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ደብተር የያዘ ሁሉ ፖሊስ ይመስለዋል።

አንድ ቀን እንዲህ ያለው መጣ። ሙሃንዲሱ «የሕንፃው ሥራ አካባቢ እንዳይበክል የሚከታተል ነው» አለን። እሺ፣ ይከታተላ! መጀመሪያ የጡብ ስብርባሪውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «የት ነው የምትኖረው? በምን ትመጣለህ?» አይለኝም! የእኔ ሰፈርና ብክለት ምን አገናኛቸው? ይሄማ ቤቴ ድረስ ሊመጣብኝ ነው አልኩ በሆዴ። የምኖረው እዚሁ ቅርብ፣ ቡሪ ነው። «ጀብራ» አልኩት፤ ከተማውን አቋርጦ ያለውን ሩቅ ሰፈር። በሪክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ እመጣለሁ ብል ነጂውን ፈልጎ ይጠይቅብኛል ብዬ፣ «በእግሬ» ጨመርኩበት። ፊቱ በራ። ፎቶ አነሳኝ። አለቀልኝ!

በሳምንቱ ፎቶዬ በሩ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ በዓረብኛ «አየር ሳይበክል ከጀብራ በእግሩ የሚመጣው ሠራተኛ» ይላል። ከሥራ ስወጣ ሁለት ፖሊሶች ቆመው ያነቡታል። አንደኛው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ።

«ያ ሐበሺ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ዋላሂ ታሳዝናለህ! በዚህ ሐሩር? ያላ፣ ግባ!»

ወረቀት ሳይጠይቁኝ በመኪናቸው ጀብራ ድረስ ወስደው አወረዱኝ። ቤቴ ቅርብ ነው ብዬ የመሳፈሪያ ይዤ አልወጣም። እስኪርቁ እጄን አውለበለብኩላቸውና ወደ ቡሪ በእግሬ ተያያዝኩት።