የሚገባ እንጂ የማይወጣ የኮሪደር ስልክ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ያስረከቡኝ አንድ ካቻቪቴ፣ የአንዲት ጠባብ ክፍል ቁልፍና በካርቶን የታሸጉ አርባ ስልኮች ነበር። አሶሳ ያለው የክልሉ ጤና ቢሮ አዲስ ሕንፃ ገብቶ ገና ወንበርና ጠረጴዛ እያሟላ ነበር። አለቃዬ አቶ ገመቹ፣ ረጋ ያሉ የወለጋ ሰው፣ አንዱን ስልክ አገላብጠው አዩና “በኮምፒውተር ኬብል ነው የሚሠራው አሉ። ይህን ተምረሃል አይደል?” አሉኝ።

“በሚገባ” አልኩ። የተማርኩት ከመጽሐፍ ላይ ሥዕል ነበር።

እንደ ምንም ብዬ ስልኮቹን እርስ በርስ አነጋገርኳቸው። የቀረው የወጪ ጥሪ ሕግ ነው። ሰው ወደ ውጭ ሲደውል መጀመሪያ ዘጠኝን ይጫናል፤ ስልኮቹን የሚያገናኘው ማሽን ዘጠኟን ይቆርጥና የቀረውን ቁጥር ወደ ውጭ መስመር ይልካል። ከየትኛው ስልክ ወዴት እንደሚፈቀድ ደግሞ እኔ በኮምፒውተር እጽፋለሁ።

ማን ለማን እንደሚደውል አንድም ሰው አልጠየቅኩም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመዋቅር ሰንጠረዥ አውርጄ እሱን ገለበጥኩ። ኃላፊውና ምክትላቸው የትም ይደውላሉ። የሥራ ሂደት ባለቤቶች ክልሉ ውስጥ ብቻ። ከዚያ በታች ያለን ሁሉ ከቢሮው ግቢ አንወጣም። ራሴንም ከታች መደብኩ፤ ለዚህ ፍትሐዊነቴ የሚያመሰግነኝ ሰው ሳምንት ሙሉ ብጠብቅ አልመጣም።

ክልከላውን በድምፅም አጀብኩት። ስቶር ገብቼ በሩን ዘጋሁና እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ጉሮሮዬን ጠርጌ “ይቅርታ፣ ይህን ጥሪ ለማድረግ ፈቃድ የለዎትም” ብዬ ቀዳሁ። ደጋግሜ ሳዳምጠው በጣም ወደድኩት።

ከወረዳ ተደውሎ የሚያነሳ ሲጠፋ ጥሪው ኮሪደር ላይ ወዳለው ስልክ እንዲሄድ አድርጌ ነበር። እዚያ የሚቀመጡት የጽዳትና የተላላኪነት ሠራተኛዋ እትዬ ሃዋ ናቸው፤ የመንጌ ሰው፣ የበርታ ተወላጅ፣ አማርኛቸው ወንድና ሴት የማይለይ። የሚገባውን ሁሉ ወደ እሳቸው ላክሁ፤ የሚወጣውን ሁሉ ዘጋሁባቸው። ያኔ ይህ ነገር ለዓይኔ እንግዳ አልነበረም።

አንድ ዓርብ ቀን የሞባይል ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ዓርብ የምሳ ሰዓት ለጁምዓ ሲባል ስለሚረዝም ቢሮው ሁሉ ተቆልፏል። እኔ የማሽኑ ክፍል ውስጥ ጫማዬን አውልቄ ተጋድሜያለሁ፤ አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመው ለማሽኑ ነው፣ እኔ ተጠግቼ ነው። የውስጥ ስልኬ ጮኸ።

“ልጄ፣ ኮሪደር ስልክ ወደ ውጭ ክፈት” አሉኝ እትዬ ሃዋ።

“በሥራ ሂደት ባለቤትዎ በኩል በደብዳቤ ይጠይቁ” አልኳቸው። እግሬን እንኳ አላወረድኩም።

“መንጌ ጤና ጣቢያ አሁን ደወለ። አንድ ሴት ወልዷል፣ ደም አልቆመም። አምቡላንስ ባምባሲ ሄዷል፣ ከእነሱ ስልክ ባምባሲ አይገባም፣ እኔ ልጠራ ነው። ደብዳቤ እስኪፈረም ይሄ ሴት ይጠብቃል ወይ?”

ተነሥቼ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋሁ። ከእኔ ስልክ እንዳልደውል እሱንም ራሴ ዘግቼዋለሁ። የኮሪደሩን ስልክ ከታችኛው ደረጃ አውጥቼ ከኃላፊው ጋር መደብኩት። “አሁን ይደውሉ፣ መጀመሪያ ዘጠኝ” አልኳቸው።

ወዲያው መልሰው ደወሉ። “ያ ሰውዬ አሁንም ከለከለኝ” አሉ። ቀጥለውም “ድምፁ አንተ ነህ” አሉኝ።

ሕጉን ለውጬ ኮምፒውተሩ ላይ ሳላስቀምጥ ነበር ፕሮግራሙን የዘጋሁት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም። አስተካከልኩና በባዶ እግሬ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ። ስደርስ እትዬ ሃዋ ባምባሲ ጤና ጣቢያ ደውለው ከአምቡላንሱ ሾፌር ጋር እየተነጋገሩ ነበር፤ በየት በኩል ቢሄድ እንደሚቀርበው ይነግሩታል። ስልኩን ሲዘጉ ባዶ እግሬን አይተው “ወለሉ አሁን ነው የተወለወለው” አሉኝ።

ሴትየዋ ተረፈች። የሰማሁት ሰኞ ዕለት ከእትዬ ሃዋ ነው። ሰኞ እስኪደርስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አቶ ገመቹ የስልክ ፈቃድ ዝርዝሩን አይተው “የኮሪደሩን ስልክ ከኃላፊው ጋር ማን መደበው? ደብዳቤው የታለ?” አሉኝ።

“ደብዳቤ የለውም። እኔ ነኝ” አልኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ያንን የቀዳሁትን ድምፅ እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። ሰምተው ሲጨርሱ “አጥፋው” አሉኝ። አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ በየቢሮው ብዙ የስልክ ሕግ ጽፌያለሁ። የመዋቅር ሰንጠረዡን ከማየቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ሁሉም ሲወጣ እዚህ የሚቀረው ማን ነው? መጀመሪያ የምከፍተው የእሱን ስልክ ነው።