እናቴ ያልገባችበት በር

እናቴ የቤተ ክርስቲያኑን የቅጥር በር ተሳልማ ትቆማለች እንጂ ወደ ውስጥ አትገባም ነበር። ዝናብም ይሁን ብርድ፣ የምታስቀድሰው ውጭ ካለው ጥድ ሥር ሆና ነው። የሰፈሩ ሰው "ምን ያለች ትሑት ናት" ይላታል። እኔን ያናድደኛል። ትሕትና እቴ፣ ፍርሃት ነው እንጂ።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ እህቴ ነው። ለክርስትናዋ ጥቂት ሲቀራት ሳል ወሰዳት። ያልተጠመቀች ናትና ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጥዱ አለፍ ብሎ ቀበሯት። በዚያው ዓመት ለንግሥ የመጣ ሰባኪ፣ ልጇን ሳታስጠምቅ የቀበረች እናት እንደምትጠየቅበት በሞንታርቦ ጮኸ። ስለ እናቴ የሚያውቀው ነገር የለም። እሷ ግን ቃሉን ይዛው ቤቷ ገባች። የነፍስ አባቷ ቀኖና ሰጧት፤ ጾመች፣ ሰገደች፣ ፈጸመች። "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏት። ምን ያደርጋል፣ በየንግሡ ሌላ ሰባኪ እየመጣ ስለ እሳቱ ይነግራታል። ያ ድምፅ እኔንም ደብረ ማርቆስ ድረስ ተከትሎኛል። ሥራ ላይ ሆኜ ድንገት ይሰማኛል።

ባለፈው ዓመት እናቴ ታመመች። ሐኪሞቹ ወደ ቤቷ መልሷት አሉን። ሳትቆርብ እንዳትሞትብኝ ፈራሁ። ለምኜም ተቆጥቼም እሺ አሰኘኋት። እሑድ ጠዋት በባጃጅ ወሰድናት፤ ደግፈን በሩ ጋ ስናደርሳት ግን መቃኑን ጨብጣ አልለቅም አለች።

የነፍስ አባቷ በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡ። "ልጄ፣ ከተፈታሽ እኮ ስንት ዘመንሽ። ምንድን ነው የምትፈሪው?" አሏት።

"ፍርሃቱንስ ለምጄዋለሁ፣ አባ። ልጄን ውጭ ትቻት እንዴት ብዬ ልግባ?"

ክው አልሁ። ያን ሁሉ ዘመን ከጥዱ ሥር ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር ጸሎት ነበር የሚመስለኝ። ለካ ከእህቴ ጋር ስታወራ ኖራለች።

አባ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "እሱም እኮ የተሰቀለው ከከተማ ውጭ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ከአጥር ውጭ ያለችውን አያውቃትም ብለሽ ነው? እሷን ለእሱ ተያት። አንቺ ግቢ።"

እጇ መቃኑን ለቀቀ። ገባች፤ ቆረበች።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን የእህቴን ስም ጠራች። ከዚያ እጄን ይዛ፣ "ስሞት ውስጥ ቅበሩኝ" አለችኝ። "ከእንግዲህ እሷን የሚጠብቅልኝ አለ።"