የአዋሽ ግራር በየካ አባዶ

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ጋሽ ወልደ ሐዋርያትን ደግሞ ጭንቀት በስተርጅና አሻንጉሊት ባቡር አሠራቸው። ዕድሜያቸውን በባቡር ፍሬን ሠራተኝነት የፈጁት ሰው፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምግብ ጠረጴዛቸውን አዋሽ ጣቢያ አደረጉት።

ሚስታቸው እትዬ በለጡ ሁሉን እየረሱ ነበር። መጀመሪያ ጎረቤት ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ ልጆቻቸው፣ በመጨረሻ ባላቸው። ሐኪሙ፣ "የሚያውቁትን ነገር ያሳዩዋቸው" አለ። ታዲያ ከአዋሽ ጣቢያው ግራር በላይ ምን የሚያውቁት አለ? የተዋወቁት ከሥሩ ነው። እዚያ ድረስ እንዳይወስዷቸው የእትዬ በለጡ ጉልበት ደክሟል።

"አሻንጉሊት ጀመሩ እንዴ ጋሼ?" ብላ ቀለደች ጎረቤታቸው ሰዓዲያ። ለግራሩ ቅጠል የሚሆን የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ያመጣችላቸውም እሷው ናት።

ለጠበል እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲወጡ፣ ከዳገቱ ጭራሮው የበዛ ደረቅ አረም ለቅመው በፌስታል መጡ። ስፖንጁን አድቅቀው፣ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክረው፣ በኮላ ለጠፉበት። እትዬ በለጡ አየት አደረጉና፣ "ባሕር ዛፍ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እውነታቸውን ነው፤ ሽቅብ የተመዘዘ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነበር። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ግን ይባስ ተስፋ ያዙ። ዛፍ ከለየች እኔን መለየት ያቅታታል? አሉ።

እንደገና ጀመሩ። የመዳብ ሽቦ ጠምዝዘው አናቱን እንደ ጃንጥላ ዘረጉት። አሁንም ልባቸው አልተቀበለውም፤ አረንጓዴነቱ በዛ። የጣቢያ ግራር አቧራ ለብሶ አይደል የሚኖረው? አመድና አፈር ቀላቅለው በወንፊት ነፉበት። ያኔ ግራሩ ግራር ሆነ። "እመቤቴ፣ አንዴ ብቻ ትወቀኝ" ብለው አለቀሱ።

እትዬ በለጡን እጃቸውን ይዘው አምጥተው ከጠረጴዛው ፊት አስቀመጧቸው። ሚስትየው ጎንበስ ብለው አዩ። ጣታቸውን ከግራሩ ሥር አሳረፉ፤ ፊታቸው በራ።

"አዋሽ" አሉ። "እዚህ ነው የምጠብቀው።"

"ማንን?"

"ወልዴን ነዋ። ፍሬን ላይ ነው የሚሠራው።"

"እኔ ነኝ እኮ፣ በለጡዬ" አሉ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት።

እትዬ በለጡ ቀና ብለው አዩዋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባላቸውን አንተ ሲሉ የኖሩት ሴትዮ፣ በትሕትና ከወንበራቸው ተነሡ።

"ደክሞዎታል መሰል አባቴ፤ እርስዎ ይቀመጡ" አሉ። "እኔ ባቡሩ እስኪመጣ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።"

ምን ያድርጉ? ተቀመጡ።