ጋሼ ታደሰ ያጎረሱት ተመራማሪ

«የኮሮና ኢኮኖሚ ጥናት ፋሽኑ አልፎበታል» አለ የኛው ሀበሻ ተመራማሪ፣ ዛሬ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ንግግር ሲያደርግ፣ ፈገግ ብሎ።

አሁን ሁሉም ስለ ኤአይ ነው የሚጽፈው፤ ፈንዱም እዚያው ነው። የልብስ ነጋዴ እንኳ እንዲህ ቶሎ አይገለበጥም።

አጠገቤ ጋሼ ታደሰ ሱፋቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ኦግደን ሰፈር የነበራቸው ምግብ ቤት በኮሮና ሲዘጋ ይኸው ልጅ ቤታቸው ሄዶ ኢንተርቪው አድርጓቸዋል። በእጃቸው አጉርሰውታል። ታሪክዎን አወጣዋለሁ ብሏቸው እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ።

እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የኔ ነገር የት ደረሰ?»

«ዳታው አለ ጋሼ፤ ጆርናሎቹ ናቸው አሁን የማይፈልጉት።»

«እንግዲያው ጉርሻዬን መልስ!»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እኔ ስልኬን አየሁ፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ያስፈራኛል።

እናንተስ ቤት በልቶ፣ ጠይቆ የጠፋ ተመራማሪ አለ? ከታች ጻፉልኝ። ቢያንስ እኔ አነባለሁ።